በጎደለ ማድጋ ላይ የሚቀርብ ምስጋና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የሀገራችን ሰው ሰላምታ ሲለዋወጥ ምስጋናን ሳይጠራ አያልፍም። «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ልጁ በትኩሳት ሲቃጠል አድሮ እንኳ «ተመስገን» ይላል። ማሽላው በዝናብ እጥረት ቅጠሉ ተጠቅልሎ ቆሞም «ተመስገን፣ ምን ይደረግ» ይላል። ሙስሊሙ ጎረቤታችንም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ነው የሚመልሰው። በወሎ ምድር ያለ ምስጋና የሚጀመር ጨዋታ የለም ማለት ይቻላል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ትልቅ ሀብት ነው፤ ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም።

ነገር ግን እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ። በደጅ ላገኘው ሁሉ «ተመስገን» ሲል የዋለው አንደበት ቤቱ ገብቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ መሶቡ ሲከፈት ምን ይላል? «ዛሬም ሽሮ?» ይላል። ይህችን ሁለት ቃል ሰምቶ የማያውቅ ቤት ያለ አይመስለኝም። በጾም ወራት ደግሞ ትበረታለች። ዘይት ተወዶ ሽሮዋ በውኃና በጨው ብቻ የምትንተከተክበት ቤት ብዙ ነው። ይህን የሚለው አባወራ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ሲቃጠል ውሏል፤ የያዛት ብር ገበያ ውስጥ አልበረከተችለትም፤ ደክሞታል። ቢሆንም ያችን ሁለት ቃል ከምድጃ ጭስ ፊት የዋለችው ሴት ትሰማታለች። አጠገቡ የተቀመጠው ሕፃንም ይሰማታል። ለእግዚአብሔር በደጅ የቀረበው ምስጋና በመሶቡ ዙሪያ ይፈርሳል።

ታዲያ ኑሮ በከበደበት፣ ሰላም በራቀበት ዘመን ሰው በቤቱ ውስጥ በእውነት ማመስገን ይችላልን? ወይስ «ተመስገን» የምንለው ከልማድ ብቻ ነው?

አሁን የምንገኘው በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ የምንጾመው፣ ነቢያት የመድኃኒታችንን መምጣት በተስፋ እየጠበቁ የጾሙትን እያሰብን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዳዊት የምትደግሙ ምእመናን ደግሞ ከመዝሙራቱ ቀጥሎ ጸሎተ ነቢያት እንዳለ ታውቃላችሁ። የሐና፣ የዮናስ፣ የሠለስቱ ደቂቅ ጸሎት እዚያ አለ። የዕንባቆምም አለ። ብዙ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስለምንለው ልብ አንለውም እንጂ የእኛን ሀገር ገበሬ የልቡን የሚናገርለት ጸሎት ቢኖር ይህ የዕንባቆም ጸሎት ነው።

ነቢዩ ዕንባቆም ሀገሩ በባዕድ ጦር ልትወረር በተቃረበችበት ዘመን የኖረ ነው። መጽሐፉን ከመጀመሪያው ብታነቡት በምስጋና አይጀምርም። እስከ መቼ ጮኾ ሳይሰማ እንደሚኖር እግዚአብሔርን ይጠይቃል (ዕን. 1፥2)። የሚሰጠው መልስ ደግሞ የከለዳውያን ሠራዊት እንደሚመጣ ነው። እርሱም እንደ ዘበኛ በመጠበቂያው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የሰማው ነገር አካሉን እንዳንቀጠቀጠው፣ ከንፈሩን እንዳራደው ራሱ ጽፎልናል (ዕን. 3፥16)። ምስጋናው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በለሱ ባያብብም፣ ወይኑ ባያፈራም፣ እርሻው እህል ባይሰጥም፣ በረቱ ባዶ ቢቀርም በአምላኩ ደስ እንደሚለው ተናገረ።

ልብ በሉ፤ ነቢዩ ባዶውን በረት ሙሉ ነው አላለም። ባዶውን ባዶ ብሎ ጠራው። የጎደለውን አንድ በአንድ፣ ልክ ገበሬ አውድማ ላይ ቆሞ እንደሚቆጥር ቆጠረው። አንዳንዶቻችን ማመስገን ማለት የጎደለውን አለማየት ይመስለናል። ስለዚህም ችግራችንን ስንናገር ያማረርን ይመስለንና እናፍናለን፤ ያፈንነው ደግሞ በሌላ በር ይወጣል። በሚስት ላይ ይወጣል፤ በልጅ ላይ ይወጣል። ዕንባቆም ግን ጉድለቱን ለእግዚአብሔር ነገረ፤ ከነገረውም በኋላ አመሰገነ።

በበለሱ ፋንታ ማሽላና ጤፍን፣ በወይኑ ፋንታ የመርሳንና የግራናን ብርቱካንና ማንጎ አስገቡበትና ይህን ጸሎት አንብቡት። ያየነውን እናውቃለን። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ አዝመራው ሊሰበሰብ ሲል፣ የበረሃ አንበጣ በሐብሩና በአጎራባች ቆላማ ወረዳዎች ወረደ። ገበሬው ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ልጅ ሽማግሌው ከማሳ ማሳ ሲሮጥ ዋለ። በብዙ ማሳ የቀረው አገዳው ነበር። በዚያው ዓመት በነሐሴ፣ ጾመ ፍልሰታን ይዘን ሳለን፣ ጦርነቱ ወደ ወልድያና ወደ አካባቢያችን ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ቆየ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ። የ2014ን ጾመ ነቢያት የያዝነው በጨለማ ነበር።

ያን ጊዜ ወፍጮ ቤት ቆሞ ነበርና የእናቶቻችን የድንጋይ ወፍጮ ከተጣለበት ጓሮ ተፈልጎ፣ ታጥቦ ሥራ ጀመረ። ያልቻለ ቆሎና ንፍሮ በላ። ጨው በስኒ እየተለካ ከቤት ቤት ዞረ፤ ሙስሊም ክርስቲያን አልተባለም። አንዲት እናት መጅ ይዘው እየፈጩ «ወይ ጉድ! መኪናው ሲፈጭልን እኮ አንድ ቀን ተመስገን ብዬ አላውቅም» ሲሉ ሰምቻለሁ። መብራቱ የተመለሰ ቀን ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። ዛሬስ? ለአንድ ሰዓት ሲጠፋ የሚሰማውን ንግግር ሁላችንም እናውቀዋለን። ሙሴ ለእስራኤል ዘዳግም ላይ የሰጠው ማስጠንቀቂያ ይኸው ነበር፤ በልተው በጠገቡ ጊዜ አምላካቸውን እንዲባርኩ፣ ጥጋብም እንዳያስረሳቸው አዘዛቸው (ዘዳ. 8፥10-14)።

ከዚያ ወዲህም ነገሩ እንዳሰብነው አልቀለለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ ብለን እፎይ ስንል፣ በዚያው ዓመት ክረምት በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሣ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ገበያው ሲደራና ሲበተን ብዙ ጊዜ አየን። ስለዚህ «ክፉ ቀን» የሚለውን ቃል የ1966ንና የ1977ን ረኀብ ያዩ አረጋውያን ብቻ የሚያወሩት አይደለም፤ ወጣቱም ድርሻውን ቀምሷል።

በዚህ መካከል አንድ የተለመደ ማጽናኛ አለን። «ከእኛ የባሰ አለ» እንላለን። ደግ አሳብ ነው፤ ትዕግሥትም ይሰጣል። ግን እንጠንቀቅበት። አንድ ሰው በቤተ መቅደስ ቆሞ በምስጋና የጀመረው ጸሎት በወንጌል ተጽፎልናል፤ ጸሎቱ ግን አልተቀበለለትም። ፈሪሳዊው ነው (ሉቃ. 18፥11)። ያመሰገነው እንደ ሌሎቹ ባለመሆኑ ነበር። እኛም የጎረቤታችን ቤት ስለተቃጠለ የእኛ ባለመቃጠሉ ብቻ የምናመሰግን ከሆነ፣ የጎረቤታችንን ኀዘን ለምስጋናችን ማገዶ አደረግነው ማለት ነው። ነገ ደግሞ የእኛ ተራ ሲሆን ምስጋናችን በምን ላይ ይቆማል? የባሰበትን ያየ ሰው መጀመሪያ ሊያደርግ የሚገባው መርዳት ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ግን ምስጋናን ከየት እንድንጀምር ያስተምረናል። በቅዳሴ መጀመሪያ አካባቢ ካህኑ የሚጸልየው ጸሎተ አኮቴት የሚባል አለ፤ አኮቴት ማለት ምስጋና ማለት ነው። በዚያ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን እግዚአብሔር እንደጠበቀን፣ እንደረዳን፣ እስከዚህች ሰዓትም እንዳደረሰን ታመሰግናለች። ስለ ሀብት አይደለም፤ ስለ ድል አይደለም፤ እዚህች ሰዓት ላይ ስለ መድረሳችን ነው። ቁርባኑ ራሱም አኮቴተ ቁርባን ይባላል። ጌታችን ኅብስቱን አንሥቶ ያመሰገነው በየትኛው ሌሊት እንደሆነ ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ ለይቶ ጽፎልናል፤ አልፎ በተሰጠባት ሌሊት ነው (1ኛ ቆሮ. 11፥23-24)። ከማዕዱ የቀመሰው ይሁዳ ሊሸጠው ተነሥቶ ሳለ፣ መስቀሉ ከፊቱ ቆሞ ሳለ፣ ጌታ ኅብስት ይዞ አመሰገነ። ሐዋርያው በሁሉ እንድናመሰግን ያዘዘውን (1ኛ ተሰ. 5፥18) «ክፉው ነገር መልካም ነው በሉ» እንዳለን አድርገን መተርጐም የለብንም። ክህደቱ ክህደት ነበር። ምስጋናው ግን አልቀረም።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ።

ነቢዩ ኤልያስ በረኀቡ ዘመን ወደ ሰራፕታ ተልኮ ያገኛት መበለት በማድጋዋ እፍኝ ዱቄት፣ በማሰሮዋ ጥቂት ዘይት ብቻ የቀራት ነበረች (1ኛ ነገ. 17፥8-16)። እንጨት የምትለቅመው ያችን ጋግራ ከልጇ ጋር ቀምሳ ለመሞት ነበር። ነቢዩ ቃል ሰጣት፤ እርሷም አደረገች፤ ማድጋው አልጎደለም። ይህን ስንተርክ ማድጋው ሞልቶ የፈሰሰ አድርገን የምንናገር አለን። መጽሐፉ ግን እንዲህ አይልም። አላለቀም ነው የሚለው። በየማለዳው እጇን ስትሰድድ የምታገኘው ለዚያን ዕለት የሚበቃውን ነው። ያቺ ሴት ሀብታም አልሆነችም፤ ከዕለት ወደ ዕለት አለፈች እንጂ። በብዙዎቻችን ቤት እግዚአብሔር የሚሠራው ተአምር እንዲህ ያለ ነው፤ ድምፅ ስለሌለው አይታወቅም። «እንዴት ከረማችሁ?» ብትባሉ «እኔንጃ፣ እንዲሁ ከረምን» ትላላችሁ። ያ «እንዲሁ» የምትሉት ነገር የማድጋው ነገር ነው።

ደግሞም አስቡት፣ ማድጋው ባያልቅም የሚጋግረው የሴቲቱ እጅ ነው። መልአክ መጥቶ አልጋገረላትም። በእኛም ቤት እግዚአብሔር የሰጠው ዱቄት እንጀራ እስኪሆን ድረስ በስንት እጅ ያልፋል! ውኃ ከቧንቧ ጠፍቶ ከወንዝ የቀዳ አለ። እርጥብ እንጨት እፍ እፍ እያለ ዓይኑ የቀላ አለ። ምጣዱን ያሰሰ፣ ሽሮውን የነሰነሰ አለ። እንግዳ ቤታችን ቢበላ ሲጨርስ «እጅሽ ይባረክ፣ ማዕዱን ያበርክትላችሁ» ይላል። ሠላሳ ዓመት ከዚያው እጅ የበላው ባለቤት ግን አይልም። እስቲ ዛሬ ማታ «እጅሽ ይባረክ» በሏት። «ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?» ማለቷ አይቀርም። ትበል፤ እናንተ ነገም ድገሙት። እናቶችም ብትሆኑ፣ ሲመሽ ባዶ እጁን የገባውን ሰው «ምን ይዘህ መጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «እንኳን በደኅና ገባህ» በሉት። በዚህ ዘመን በደኅና መግባት ራሱ ቀላል ነገር ነው እንዴ? እግዚአብሔርን እያመሰገኑ የሰጠበትን እጅ መናቅ አይቻልም። ከዐሥሩ ለምጻሞች አንዱ ብቻ ተመልሶ ሲያመሰግን ጌታ ዘጠኙን የጠየቀው (ሉቃ. 17፥17) ዛሬ በየቤታችን ቢጠይቅ ስንቶቻችን ከዘጠኙ እንቆጠር ይሆን?

ልጆች ይህን ከማየት ይማራሉ። ሰንበት ትምህርት ቤት ምን ቢማሩ አባታቸው ሽሮውን ሲገፋ ያዩት ልጆች ሽሮ ይገፋሉ።

እኔ በቆሎ ተማሪነት ዘመኔ ብዙ ደጅ አይቻለሁ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የዞረ ሰው የቤትን ልብ ከደጃፉ ማወቅ ይለምዳል። የቆርቆሮ አጥር ካለው ግቢ ምንም ሳናገኝ የምንመለስበት ቀን ነበር፤ እነርሱም ምክንያት አያጡም፣ አልፈርድባቸውም። አንዲት አሮጊት ግን ነበሩ፤ ደሳሳ ጎጆ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ። አንድ ብርድ የበዛበት ጠዋት እፍኝ የማትሞላ የባቄላ ንፍሮ በእጃችን አስቀመጡልንና «የኔ ልጆች፣ ያለችን ይህችው ናት፤ ግን ትኩስ ናት» አሉን። ስለ ምስጋና ብዙ መጽሐፍ ብናነብም ከዚህ የበለጠ የገባኝ ትምህርት የለም። ማነሷን አልሸሸጉም። ግን ከማነሷ ጋር ትኩስነቷንም አዩ፤ ያዩትንም ለሰው ሰጡ። በብርድ ለቆመ ተማሪ ትኩስ መሆኗ ከመብዛቷ ይበልጥ ነበር።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው እመጣለሁ። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል ልጃችሁን በጦርነቱ ያጣችሁ፣ እስከ ዛሬም ወሬው ያልመጣላችሁ ትኖራላችሁ። «ተመስገኚ» የሚል ጎረቤት አጋጥሟችሁ ይሆናል። በቅንነት ነው፤ ይቅር በሉት። ግን የሰራፕታዋን መበለት ታሪክ እስከ መጨረሻው እናንብበው። ማድጋው ሳያልቅ በኋላ ልጇ ታመመና ሞተ (1ኛ ነገ. 17፥17-24)። ያቺ በተአምር የምትመገብ ሴት ያን ጊዜ በነቢዩ ላይ በምሬት ተናገረች። ኤልያስ ምን መለሰላት? ስለ ዱቄቱ ውለታ አላስታወሳትም። «የበላሽውን አስቢና አመስግኚ» አላላትም። ልጁን ከእቅፏ ተቀበላት፣ ወደ ሰገነቱ ተሸክሞት ወጣ፣ እርሷን ተክቶም ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። የእርሷን ጥያቄ እርሱ ራሱ ለእግዚአብሔር አቀረበ።

ቤተ ክርስቲያን ለኀዘንተኛ የምታደርገው ይህ ነው። ኤርምያስ በሰቆቃው ያለቀሰው ልቅሶ ከመጻሕፍቶቻችን መካከል የተቀመጠው፣ ጻድቁ ኢዮብም ልብሱን ቀድዶ፣ በምድር ወድቆ ሰግዶ ነው የሰጠና የወሰደውን አምላክ የባረከው (ኢዮብ 1፥20-21)። ወዳጆቹ ሰባት ቀን ዝም ብለው አጠገቡ ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ስለዚህ እናቴ፣ እኅቴ፣ ዛሬ «ተመስገን» ከአፍሽ ባይወጣ አትጨነቂ። ጉባኤው ስለ አንቺ ይለዋል። ዲያቆኑ «ጸልዩ» ሲል አንቺ እንባሽን ብታፈሽ፣ እርሱም ከጸሎቱ ተቆጥሮ ያርጋል።

ለቀረነው ግን ሥራ አለብን። ማድጋው ያላለቀበት ቤት ሰው ሳይጨምር አላለፈም፤ መበለቲቱ ኤልያስን ይዛ ነው የበላችው። በዚሁ በወረዳችን በሐብሩ፣ በጃራ መጠለያ ጣቢያ ከጦርነቱ ዓመታት ወዲህ ቤት ንብረታቸውን ጥለው የመጡ ተፈናቃይ ወገኖች ሲጠለሉ አይተናል። በየሰፈራችንም ዘመድ አስጠግቶ አንዱን ቤት ለሦስት ቤተሰብ ያደረገ አለ። የጾም ትርፍ ለነዳያን ነው ሲሉ አባቶቻችን ሥርዓት የሠሩልን ለዚህ ነው፤ ቁርስ ያልበላንበት ምግብ ጎተራ ውስጥ ተጠራቅሞ ለፋሲካና ለገና ጥጋብ እንዲሆነን አይደለም። ከዘይት የተረፈው ገንዘብ ብዙ ላይሆን ይችላል። እፍኝ ናት። ትኩስ ሳለች ትሰጥ።

የቀሩትን የጾም ቀናት በዘጠኝ ሰዓት ማዕዱ ሲቀርብ አቡነ ዘበሰማያት ከተደረሰ በኋላ እንጀራው ሳይቆረስ ትንሽ እንቆይ። ከልጆቹ ትንሹ በዚያ ቀን ያየውን አንድ ነገር ስም ጠርቶ ያመስግን። «ዝናቡ መጣ» ይበል፣ «አባባ በደኅና መጣ» ይበል፣ «እማዬ ሽሮ ሠራች» ይበል። የጎደለ ካለም ይናገር፤ አትቆጡት። ሰንበት ሲሆን ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ልጅ ወደ ሞተበት ቤት ጎራ በሉ። ጥቂት ቡና በጨርቅ ቋጥራችሁ ያዙ። ብዙ አትናገሩ፤ ምስጋናንም አታስተምሩ። እርሷ ስትቆላ ዕጣኑን እናንተ አጫጭሱ፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪጠጣ ድረስም አትነሡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።